ከ«ሳድ» ባሻገር፦ መከፋትን፣ ቅሬታንና ሐዘንን በእንግሊዝኛ የመናገሪያ መመሪያ

አማርኛ ለመከፋት ቃል አያጣም። ቅር ይለናል፣ ሆድ ይብሰናል፣ እንቆዝማለን፣ እንተክዛለን፣ አንጀታችን ያርራል፣ ቅስማችን ይሰበራል። ይህን ሁሉ ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን አብዛኞቻችን በአንዲት ቃል እንቀራለን፤ «ሳድ»። ደመወዙ የዘገየበት «አይ አም ሳድ» ይላል፤ አባቱ ያረፉበትም «አይ አም ሳድ» ይላል። የመጀመሪያውን የሰማ አለቃ ሠራተኛውን ያጽናናዋል እንጂ ደመወዙ ለምን እንደዘገየ አይነግረውም።

የእንግሊዝኛ የመከፋት ቃላት የሚለያዩት በክብደት ብቻ አይደለም። በምን ምክንያት እንደከፋን፣ ለማን እንደምንናገርና ከቃሉ ቀጥሎ የትኛው መስተዋድድ እንደሚገባም ይለያቸዋል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በአሜሪካና በብሪታንያ የዕለት ተዕለት ንግግር ላይ ያተኩራሉ፤ ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ እጠቁማለሁ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስጽፍ ሁሉም ድምፅ በትክክል ስለማይያዝ አነባበቡን ከተናጋሪ ጆሮ ሰጥቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ዓረፍተ ነገሩን ይገልብጡት

በአማርኛ ስሜቱ አድራጊ፣ ሰውየው ተቀባይ ነው። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሰለቸኝ፣ ናፈቀኝ ስንል ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ እኛ ወደ እሱ አንሄድም። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየውን ያስቀድማል፤ «አይ አም ሳድ»፣ «አይ አም ዎሪድ»። ከዚህ ልዩነት የሚወለዱ ስሕተቶች አሉ፤ ቃላት ከማጥናት በፊት እነሱን ማረም ይቀድማል።

አንደኛው የባለቤት መዛነፍ ነው። «እናቴ ናፈቀችኝ» የሚለውን ቃል በቃል የመለሰ ሰው «ማይ ማዘር ሚስድ ሚ» ይላል። ሰሚው የሚረዳው ግን እናትየው ልጃቸውን መናፈቃቸውን ነው። ትክክሉ «አይ ሚስ ማይ ማዘር» ነው፤ ናፋቂው ይቀድማል፣ ተናፋቂው ይከተላል። እዚሁ ላይ ጊዜውንም ልብ ይበሉ። አማርኛ አሁን ለሚሰማን ስሜት የኃላፊ ጊዜ ግሥ ይጠቀማል፤ ከፋኝ፣ ደከመኝ፣ ራበኝ። «አይ ዋዝ ሳድ» ያለ ሰው ግን መከፋቱ አልፎለታል ማለት ነው። ዛሬ ከፍቶዎት ከሆነ «አይ አም»፣ ሰሞኑን ሲከፋዎት ከሰነበተ «አይ ሃቭ ቢን ፊሊንግ ዳውን» ይበሉ።

ሌላው የቃሉ መጨረሻ ነው። «ዲፕረስድ» እና «ዲፕረሲንግ»፣ «ዲሳፖይንትድ» እና «ዲሳፖይንቲንግ» መንታ ይመስላሉ። በ«ድ» የሚያልቀው ስሜቱ ያደረበትን ሰው፣ በ«ኢንግ» የሚያልቀው ስሜቱን ያመጣውን ነገር ይገልጻል። መለኪያው በእጃችን ነው፤ አሰልቺ፣ አስጨናቂ፣ ተስፋ አስቆራጭ በምንልበት ቦታ «ኢንግ» ይገባል፤ የሰለቸው፣ የተጨነቀ፣ ተስፋ የቆረጠ በምንልበት ቦታ «ድ»። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው ሳያውቀው ራሱን አሰልቺ ብሎ ሰድቧል። «አፕሴት» ትንሽ ያፈነግጣል፤ ነገሩ «አፕሴቲንግ» ቢባልም ሰውየው «አፕሴት» ነው እንጂ «አፕሴትድ» አይባልም።

ደረጃ 2፦ የከፋዎት በምን እንደሆነ ይለዩ

ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ያስከፋዎት ዕቃ፣ አገልግሎት ወይም ውሳኔ ከሆነ ቃልዎ «አንሃፒ ዊዝ» ነው። «አንሃፒ» ብቻውን ሲቆም ደስታ የራቀውን ሰው ወይም ኑሮ ይገልጻል፤ «አን አንሃፒ ማሬጅ» ደስታ የሌለበት ትዳር ነው። «ዊዝ» ሲከተለው ግን «አልረካሁበትም» ወደሚል ቅሬታ ይለወጣል። ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ያለፈው ተከራይ ለአከራዩ እንዲህ ቢጽፍ ይበቃዋል፦

«አይ ሪፖርትድ ዘ ሂቲንግ ቱ ዊክስ አጎ። አይ አም አንሃፒ ዊዝ ሃው ሎንግ ዚስ ኢዝ ቴኪንግ። ፕሊዝ ሌት ሚ ኖው ባይ ፍራይዴይ ዌን ኢት ዊል ቢ ፊክስድ።»

ማለትም፦ ማሞቂያው መበላሸቱን ካሳወቅኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ይህን ያህል በመዘግየቱ ቅር ብሎኛል፤ መቼ እንደሚጠገን እስከ ዓርብ ያሳውቁኝ። ቅሬታው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከፊቱ የሆነው ነገር፣ ከኋላው ጥያቄውና ቀነ ገደቡ አሉ። በ«አንሃፒ» ፈንታ «ሳድ» ወይም «ኸርት» ቢገባ ወሬው ከማሞቂያው ወጥቶ ወደ ተከራዩ ስሜት ይዞራል፤ አከራዩም ስሜቱን በመጉዳቱ ይቅርታ ይጠይቅና ማሞቂያውን እንዳለ ይተወዋል። ጠንከር ማለት ሲያስፈልግ «ቬሪ ዲሳፖይንትድ ዊዝ» የጨዋ ደብዳቤ ቋንቋ ነው። በተቃራኒው አለቃዎ ረጋ ብለው «አይ አም ኖት ሃፒ አባውት ዚስ» ካሉዎት እንደ ቀላል አይውሰዱት። ድምፅ ስላልጨመሩ አልተቆጡም ማለት አይደለም።

ያስከፋዎት ሰው ከሆነ የአማርኛ ተናጋሪ ጥሩ መነሻ አለው። «አዘንኩብህ» እና «አዘንኩልህ» የሚለዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ለየብቻቸው ቃል ይመድብላቸዋል። «አዘንኩብህ» «አይ አም ዲሳፖይንትድ ኢን ዩ» ነው። ከወላጅ ወይም ከመምህር አፍ ሲወጣ ከጩኸት የሚብስ ወቀሳ ስለሆነ በዋዛ አይነገርም። «ኢን» ሰውየውን ራሱን ይነካል፤ ነገሩን ማለዘብ ከፈለጉ «ዲሳፖይንትድ ዊዝ ዘ ሪዘልት» ብለው ወቀሳውን ወደ ውጤቱ ይግፉት። «አዘንኩልህ» ደግሞ በቀጥታ «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» ቢሆንም ፊት ለፊት ሲነገር «ምስኪን» የማለት ቃና ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ይልቅ «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ማለት አያሳስትም። ይህን «ሶሪ» የሰማ የአገራችን ሰው «አንተ ምን አጠፋህ?» ብሎ ሲመልስ ይሰማል፤ ተናጋሪው ግን ይቅርታ እየጠየቀ ሳይሆን እያዘነ ነው።

«ቅር አለኝ» ለሚለው የሚቀርበው «አይ ዋዝ ኧ ቢት ኸርት» ነው። «ኸርት» የአካል ጉዳትም ነውና «ባይ ዋት ዩ ሴድ» ብለው ምክንያቱን ያስከትሉ፤ «በተናገርከው ነገር» ማለት ነው።

«አፕሴት» ለብቻው መታየት አለበት፤ ከዕለታዊ እንግሊዝኛ የመከፋት ቃላት ሁሉ ብዙ ሥራ የሚሠራው እሱ ነውና። ንዴትንም ልቅሶንም ድንጋጤንም በአንድ ቃል ይይዛል። የትኛው እንደሆነ የሚያሳብቀው ተከታዩ ነው። «አፕሴት ዊዝ ሂም» ወይም በአሜሪካ «አፕሴት አት ሂም» ከተባለ ንዴት አለበት። «አፕሴት አባውት ዘ ኒውስ» ከሆነ በወሬው መረበሽ ነው። ብቻውን ከቆመ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማዘን ወይም ማልቀስ ነው። ከልጅዎ ትምህርት ቤት ተደውሎ «ሺ ዋዝ ኧ ሊትል አፕሴት ዚስ ሞርኒንግ» ሲባሉ ልጅቱ ተጣላች ብለው አይደናገጡ፤ ጠዋት አልቅሳ ነበር የሚለውን መምህሯ በለሰለሰ ቃል ነግረውዎታል። እርግጠኛ ለመሆን «ዋዝ ሺ ክራይንግ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። «አን አፕሴት ስተመክ» ግን የሆድ መታወክ ነው፤ ከስሜት ጋር ጉዳይ የለውም።

ምክንያቱ የማይታወቅ ወይም ሊነገር የማይፈለግ መከፋት አለ፤ አማርኛው ደበረኝ የሚለው። ለዚህ «አይ አም ፊሊንግ ኧ ቢት ዳውን» በሁለቱም አገሮች ይሠራል። «ብሉ» መጽሐፍ ላይ ከሚታየው ያነሰ ነው በአፍ የሚሰማው፤ ቢያውቁት ጥሩ፣ ባይጠቀሙበትም አይጎድልብዎትም። «ሚዘረብል» በብሪታንያ ተወዳጅ ነው፤ ዝናባማው ቀንም፣ ጉንፋን የያዘው ሰውም፣ ፊቱ የማይፈታ ጎረቤትም «ሚዘረብል» ይባላሉ። እዚያው ብሪታንያ ቡድናቸው የተሸነፈ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካሜራ ፊት ቆመው «አብሶሉትሊ ገተድ» ሲሉ ይሰማሉ። ቃሉ የዓሣን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ከመጣል የመጣ ሲሆን ቀረብኝ በሚሉት ነገር ክፉኛ ማዘንን ይገልጻል። አሜሪካዊ በዚህ ፈንታ «በምድ አውት» ይላል፤ ለቀላል ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለተሰረዘ ጉዞ። ለሞት አይባልም። ለንደን ላይ ከተናገሩት ደግሞ «በም» መቀመጫ ማለት ስለሆነ ፈገግታ ሊያተርፍልዎት ይችላል።

«ፌድ አፕ ዊዝ» የመሰልቸትና የመማረር ቃል ነው፤ ሲፈታ ጠግቦ መትረፍ ነው። በነገራችን ላይ «ሳድ» ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ የጠገበ ማለት ነበር። ከጥጋብ ወደ መክበድ፣ ከመክበድ ወደ ማዘን ተንሸራትቶ ነው ዛሬ ያለበት የደረሰው። «ሕይወት ጠገብኩ» ለሚል ሕዝብ ይህ እንግዳ መንገድ አይደለም። የዛሬው «ሳድ» ሌላም ጠባይ አለው፤ ወጣቶች አንዱን «ዩ አር ሶ ሳድ» ካሉት እያዘኑለት ሳይሆን እያሾፉበት ነው።

የአገር ናፍቆት «ሆምሲክ» ነው። «ሲክ» አለበት ብለው ሕመም እንዳይመስልዎ።

ሞት ከሆነ ቃላቱ ጥቂት፣ ወጉም ጥብቅ ነው። ለሐዘንተኛ የሚባለው «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ነው፤ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በቃልዎ ይያዟት። የእኛን ማጽናኛ ቃል በቃል መተርጎም ለሃይማኖተኛ ሰው ደስ ሊያሰኝ ይችላል፤ የሥራ ባልደረባዎን እምነት ካላወቁ ግን የተለመደችው ትሻላለች። «ፓስት አወይ» «ዐረፉ» እንደማለት ነው፤ «ዳይድ» ማለትም ስድብ አይደለም። ምን አመማቸው፣ እንዴት ሆኑ የሚለው የለቅሶ ቤት ጥያቄ ግን እዚያ እንደ ድፍረት ሊቆጠር ስለሚችል ሐዘንተኛው ራሱ እስኪያነሣው ይጠብቁ።

ሐዘኑ የእርስዎ ከሆነስ? «ሐዘን ላይ ነን» ለማለት «ዊ አር ኢን ሞርኒንግ» የሚለው ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ግን ሐዘኑም «ሞርኒንግ»፣ ጠዋቱም «ሞርኒንግ» ነውና ስልክ ላይ ሰሚውን ያደናግራል። «ዊ ሎስት ማይ አንክል» ማለት ያለ ጥርጥር ይገባል። ከሥራ ፈቃድ ሲጠይቁ አሜሪካ ውስጥ «ቢሪቭመንት ሊቭ»፣ ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ኮምፓሽኔት ሊቭ» የሚባለውን ይጥቀሱ። ዝምድናውንም በእነሱ መለኪያ ይግለጹ። እኛ የአክስታችንን ልጅ ወንድሜ እንላለን፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግን ለወንድምና ለ«ከዝን» የሚሰጠው ቀን ሊለያይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ አሠሪዎች ሁሉ የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ ስለሌለ ነገሩ በአብዛኛው በግዛቱ ሕግና በመሥሪያ ቤቱ ደንብ የሚወሰን ነው። ወንድም ብለው አስመዝግበው ኋላ ከዝን ሆኖ ቢገኝ እንደ ማታለል ይታይብዎታል።

ደረጃ 3፦ መጠኑን ያስተካክሉ

«ኧ ቢት» ያሳንሳል፣ «ሪይሊ» ያጎላል። «ቬሪ» ከ«ሳድ» እና ከ«አፕሴት» ጋር ይሄዳል። «ዴቫስቴትድ» እና «ሃርትብሮክን» ግን ከወዲሁ ጫፍ ላይ የደረሱ ስለሆኑ «ቬሪ» አይቀበሉም፤ «አብሶሉትሊ ዴቫስቴትድ» ይባላል። እነዚህን ለሞት፣ ለፍቺ፣ ቤት ለተቃጠለበት ሰው ያስቀምጧቸው።

ብሪታንያ ውስጥ ሌላ ችግር ይጠብቅዎታል፤ የተነገረው ከተሰማው ያንሳል። «ሃው አር ዩ?» ሲባል «ኖት ቱ ባድ» ያለ ሰው ደህና ነው። «አይ ሃቭ ቢን ቤተር» ወይም «ኖት ግሬት» ያለ ግን ደህና አይደለም፤ ምን እንደሆነ እንዲጠይቁት በሩን ገርበብ አድርጎልዎታል። ዝም ብለው ካለፉ ቅር ሊለው ይችላል። «ዩ ኦል ራይት?» ደግሞ በአብዛኛው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ፊቴ ላይ ምን አዩብኝ ብለው አይሥጉ።

ደረጃ 4፦ ሐኪም ፊት ቃል ሲመርጡ ይጠንቀቁ

እስካሁን ያየነው ስሕተት ዋጋው ማፈር ነው። እዚህ ግን የተሳሳተ ምርመራ ሊያመጣ ይችላል።

መከፋታችንን በአካላችን የመናገር ልማድ አለን። «ልቤን አቃጠለኝ» የሚለውን ያዘነ ሰው «ማይ ሃርት ኢዝ በርኒንግ» ብሎ ከመለሰው ሐኪሙ «ሃርትበርን» ይሰማል፤ ይህም የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ የሚሰማ ማቃጠል ነው። «ልቤን ከበደኝ» ካሉ የልብ ምርመራ ሊታዘዝልዎት ይችላል። እውነት ደረትዎን የሚያምዎት ከሆነ መናገር ግዴታ ነው። የሚያምዎት ሐሳብ ከሆነ ግን «ኢሞሽናሊ፣ አይ አም ስትራግሊንግ» ብለው ከአካል ሕመም ይለዩት፤ ቀጥሎም እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይንገሩ።

«ዲፕረስድ» ሁለት ኑሮ አለው። መንገድ ላይ «አይ አም ሶ ዲፕረስድ» የሚል ሰው ሰኞ መጣ ብሎ እየተነጫነጨ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን ቃሉ የሕመም ስም ነው፤ የሚለካበትም መንገድ አለ። በሁለቱም አገሮች በስፋት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ሁሉም ስላለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃሉ፤ መልሱም «በጭራሽ»፣ «የተወሰኑ ቀናት»፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» እና «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» ከሚሉት አንዱ ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስላለው ከፍተኛው ድምር 27 ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መከፋት እንኳ አይደለም፤ ነገሮችን የማድረግ ፍላጎትዎ ወይም ደስታዎ ቀንሷል ወይ ይላል። ሁለተኛው «ዳውን፣ ዲፕረስድ ኦር ሆፕለስ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ይደረድራል። ሦስቱም እንዲሟሉ አይጠበቅም፤ አንዱ ካለብዎት በዚያ መጠን ይመልሱ። «ሆፕለስ» እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ብሪታንያዊ «አይ አም ሆፕለስ አት ኩኪንግ» ሲል ግን ወጥ መሥራት አይሆንልኝም ማለቱ ነው።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ነው። እኛ «ሞቼ ባረፍኩት» የሚለውን አንዳንዴ በምሬት ብቻ እንጥለዋለን። በእንግሊዝኛ ለሐኪም፣ ለነርስ ወይም ለትምህርት ቤት አማካሪ ሲነገር ግን ቃሉ እንዳለ ይወሰዳል፤ ወዲያው ተከታታይ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ምሬት ብቻ ከሆነ «አይ አም ኤክስሆስትድ» (በጣም ዝያለሁ) ይበሉ። እውነት ሐሳቡ ካለብዎት ደግሞ ሳያለዝቡ ይናገሩት፤ ጥያቄው የተቀመጠው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይቻላል፤ ብሪታንያ ውስጥ ሳማሪታንስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ116 123 በነፃ ይመልሳል።

የወለደች እናት ካለች «ቤቢ ብሉስ» የሚለውን ይወቁት። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት የሚመጣ የማልቀስና የመረበሽ ስሜት ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ከቆየ «ኢት ሃዝንት ጎን አወይ» ብላ መንገር አለባት፤ ስሙም ይለወጣል። አሜሪካ «ፖስትፓርተም ዲፕረሽን»፣ ብሪታንያ «ፖስትናታል ዲፕረሽን» ይሉታል።

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ መወጣት ግዴታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው፤ በብሪታንያው የመንግሥት ጤና አገልግሎትም መጠየቅ ይቻላል። የምትያዘው ዓረፍተ ነገር «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕረተር» ናት። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ አፍ ሞልተው አይናገሩም፣ ልጁም መስማት የሌለበትን ይሰማል።

ደረጃ 5፦ ከአማርኛው ተነሥተው ይለማመዱ

የቃላት ዝርዝር ይዞ መሸምደድ አያዋጣም። በሳምንቱ ውስጥ በእርግጥ የተናገሯቸውን የአማርኛ መከፋቶች ይጻፉና አንድ በአንድ ይመልሷቸው፤ ቃሉን ከነመስተዋድዱ፣ ከነምክንያቱ።

«ልጄ በፈተናው ቅስሙ ተሰበረ።» ተስፋ የመቁረጥ ነገር ስላለበት «ሂ ኢዝ ሪይሊ ዲስከሬጅድ አባውት ሂዝ ኤግዛም»። ጊዜው ወደ አሁን መለወጡን ያስተውሉ።

«በዚህ ሥራ ተማርሬአለሁ።» «አይ አም ፌድ አፕ ዊዝ ዚስ ጆብ።» ለጓደኛ እንጂ ለአለቃ አይባልም። ለአለቃ ሲሆን «አይ አም አንሃፒ ዊዝ ማይ አወርስ» ብለው የትኛው ነገር እንዳስከፋዎት ይለዩለት፤ እዚህ ላይ የሥራ ሰዓቱ ነው።

«በዓሉን ብቻዬን ሳሳልፍ ሆድ ባሰኝ።» ይህ ይከብዳል። «ሳድ» ያሳንሰዋል፣ «ዲፕረስድ» ሕመም ያደርገዋል፣ «አፕሴት» ከንዴት ጋር ሊምታታ ይችላል። የሚቀርበው «አይ ጋት ኧ ቢት ቲርፉል፣ ስፔንዲንግ ዘ ሆሊዴይ አሎን» ነው፤ «ቲርፉል» እንባ መቅረርን ይይዛል። ጊዜው ያለፈ መሆኑ እዚህ ትክክል ነው፤ በዓሉ አልፏልና። ሰሚው «ዊች ሆሊዴይ?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ገናው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29፣ በእነሱ ጃንዋሪ 7 መሆኑን ከማስረዳት መጀመር ሊኖርብዎ ነው።